ሰው ሠራሽ ጥርስና ትዳራችን

ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ እያለ ባልና ሚስት እንኳ አፍ አውጥተው የማይነጋገሩበትን ጉዳይ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ጉዳዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ በተለይም የሚገባና የሚወልቀው።

"ይህማ የአያቶች ነገር ነው" ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የቸኮላችሁ ወጣት ባለትዳሮች ጥቂት ታገሡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 23 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ ገደማ፣ በአፋቸው አንድም የተፈጥሮ ጥርስ አልቀረም። ከ20 ዓመት ጀምሮ ያሉት ሁሉ ሲቆጠሩ እንኳ ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። አንድ ሁለት ጥርስ የጎደላቸውማ ስንቱ ይቆጠራል! ስለዚህ ጉዳዩ የእናታችሁ፣ የአባታችሁ፣ የአማቶቻችሁ፣ ምናልባትም የራሳችሁ ነው። ደግሞም ጥርስን የሚያሳጣን እርጅና ብቻውን አይደለም። ዋናዎቹ ምክንያቶች የጥርስ መበስበስና የድድ ሕመም ናቸው፤ አደጋም ይጨመርበታል።

ጥርስ ሲጎድል የሚጎድለው ማኘክ ብቻ አይደለም። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ፣ ዝማሬ ሲጀመር ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ፣ ግብዣ ላይ "ጠግቤያለሁ" ብለው ሥጋውን ለልጆች የሚያሳልፉ ወላጆች በየቤታችን አሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይህንን ሁሉ ለመመለስ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ነገር ግን በእፍረት ተደብቆ የሚያዝ ጥርስ ራሱ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ዓይነቶቹን፣ አያያዙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳንደባበቅ አብረነው እንዴት እንደምንኖር እንመልከት።

ዓይነቶቹ የትኞቹ ናቸው?

ሀ. ሙሉ ጥርስ፦ የላይኛው ወይም የታችኛው ጥርስ በሙሉ ላለቀበት ሰው የሚሠራ ነው። ድድ የሚመስለው ሮዝ ክፍል አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። የላይኛው ላንቃን ስለሚሸፍን እንደ መሳቢያ ተጣብቆ ይይዛል። የታችኛው ግን ለምላስ ቦታ ለመተው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞ ስለሚሠራ የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ነው። ምላስም፣ ጉንጭም ይገፉታል። ስለዚህ "የላዩ ጥሩ ነው፣ የታቹ ግን አልቀመጥ አለኝ" የሚሉ ሰዎችን ስትሰሙ አይግረማችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሐኪሙም የታካሚውም አይደለም።

ለ. ከፊል ጥርስ፦ የተወሰኑ የራሳቸው ጥርሶች ለቀሩላቸው ሰዎች የሚሠራ ነው። በሦስት መልክ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው በአክሪሊክ ብቻ የሚሠራው ሲሆን ዋጋው ቀለል ይላል፤ ነገር ግን ወፈር ያለና በቀላሉ የሚሰበር ነው። ሁለተኛው ከኮባልትና ከክሮም በተቀላቀለ ብረት ላይ የሚሠራው ነው። ቀጭንና ጠንካራ ሲሆን የቀሩትን ጥርሶች በትናንሽ ማያያዣዎች ይይዛል። ሦስተኛው እንደ ናይለን የሚተጣጠፈው ነው። ማያያዣው የድድ ቀለም ስላለው ለዓይን ያምራል፤ ሲላላ ወይም ሲሰበር ግን ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው።

ሐ. ወዲያው የሚገባ ጥርስ፦ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ተሠርቶ በተነቀለበት ቀን የሚገባ ነው። ሰው አንድም ቀን ያለ ጥርስ ሳይታይ ስለሚውል ብዙዎች ይወዱታል። ሆኖም ድድና አጥንት ከመነቀል በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚሟሽሹ ጥርሱ ይላላል። ስለዚህ ውስጡን እንደገና ማስሞላት ወይም ሌላ ማሠራት እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባል።

መ. በኢምፕላንት የሚደገፍ ጥርስ፦ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የታይታንየም ብሎኖች ይተከሉና ጥርሱ በእነርሱ ላይ ይያያዛል። አላወላዳ ላለ የታችኛው ጥርስ ሁለት ብሎኖች እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። ወጪው ግን ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው፤ የአጥንቱም ሁኔታ አስቀድሞ በኤክስሬይ መታየት አለበት።

በተለምዶ ብሪጅ የሚባለውና የወርቅ ጥርስ ከእነዚህ ይለያሉ። እነርሱ ተጣብቀው የሚቀሩ ስለሆኑ በቤት አይወልቁም።

ልክ ሲወሰድ ብቻችሁን አትሂዱ

ጥርስ በአንድ ቀን አያልቅም። የአፍ ልክ ይወሰዳል፣ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ እንዴት እንደሚገጥሙ ይለካል፣ ከዚያም ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ። ይህ የሰም ሙከራ ቀን ለባለትዳሮች ትልቅ ዕድል ነው። ጥርሱ ገና ስላልተጠናቀቀ ቀለሙም፣ ርዝመቱም፣ አቀማመጡም ሊለወጥ ይችላል። ያንን ፊት ለ30 ዓመት ያየው የትዳር ጓደኛ ነው! ስለዚህ አብራችሁ ሂዱ። ጥርሳችሁ ደኅና በነበረበት ዘመን ፈገግ ብላችሁ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካለ፣ የሠርግም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከእርሱ ብዙ ያነብባል። "በጣም ነጭ ይሁንልኝ" የሚለው ጥያቄም ለፊታችሁና ለዕድሜያችሁ የሚስማማ መሆኑን በዚያን ቀን ብትወስኑ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ አፍ የሚሞላ ባዕድ ነገር ይመስላል። ምራቅ ይበዛል፣ "ስ"ና "ሽ" አልወጣ ይላሉ፣ ድድም ሊቆስል ይችላል። አትደንግጡ፤ ምላስና ጉንጭ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። ንግግር የሚያስተካክለው ልምምድ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው። የማታውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ለእርሳቸው ብትሰጡ ንባቡም ይሄዳል፣ ምላሳቸውም ይፈታል።

በምግብ በኩል በገንፎ፣ በአጥሚት፣ በፍርፍርና በሽሮ ጀምሩ። ከዚያ በደንብ የበሰለ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ተቆራርጦ ይቅረብ። በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ጥርሱን ስለሚያዘነብለው በሁለቱም ወገን እኩል ይታኘክ። ሙሉ ጥርስ ያደረገ ሰው የመንከስ ኃይል የራሱ ጥርስ ካለው ሰው ሩብ ያህል ብቻ እንደሆነ አትርሱ። ስለዚህ ቆሎና ሸንኮራ አገዳ አቅርባችሁ "ጥርስ አስገብተዋል አይደል እንዴ?" አትበሏቸው።

ማታ ማውለቅ፦ ብዙ ቤት የሚደበቀው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ አንዲት እናት አሉ። የላይኛውን ጥርሳቸውን በሙሉ ካስገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ባለቤታቸው አንድም ቀን ያለ ጥርስ አይተዋቸው አያውቁም። ማታ ጥርሱን በአፋቸው እንደያዙ ይተኛሉ። ጠዋት ባለቤታቸው ሳይነቁ ተነሥተው፣ በር ዘግተው፣ ቶሎ አለቅለቀው መልሰው ያስገባሉ። ከጊዜ በኋላ ከንፈራቸው ጥግ ላይ እየተሰነጠቀ አስቸገራቸውና ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ጥርሱን ሲያወልቅ ላንቃቸው በጥርሱ ቅርጽ ልክ እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ማታ ማታ አያወልቁትም?" ሲላቸው እንባቸው መጣ። "እርሳቸው እያዩኝ?" አሉ።

ወዳጆቼ፣ ይህ የእኚህ እናት ታሪክ ብቻ አይደለም። ያ ቅላት ብዙውን ጊዜ ካንዲዳ ከሚባል ፈንገስ ጋር የተያያዘ ነው። ፈንገሱ በጥርሱና በላንቃው መካከል ያለውን ሞቃትና እርጥብ ቦታ ይወድዳል። የሚያታልለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አለማመሙ ነው፤ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ይቆያል። ሐኪም የፈንገስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ጥርሱ ራሱ በደንብ ካልጸዳና ማታ ካልወለቀ ተመልሶ ይመጣል።

ጉዳቱ በአፍ አይቆምም። በጃፓን ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎችን ለሦስት ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት ሰዎች ከማይተኙት ይልቅ በሳንባ ምች ለከባድ ሕመም ወይም ለሞት የመዳረግ አደጋቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ በጥርሱ ላይ የተራቡት ጀርሞችም አብረው ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል። ከፊል ጥርስ ደግሞ በተለይ ትንሽ ከሆነ በእንቅልፍ ልብ ሊዋጥ ይችላል። አክሪሊክ በኤክስሬይ በግልጽ ስለማይታይ የተዋጠበትን ቦታ ማግኘቱ ራሱ ችግር ነው።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ማታ ይውለቅ፣ ይታጠብ፣ ውሃ ውስጥ ይደር። ከዚህ የሚለየው ወዲያው የሚገባው ጥርስ ነው፤ እርሱ ጥርስ በተነቀለበት የመጀመሪያ ቀንና ሌሊት ሐኪሙ ካላለ አይወልቅም።

እፍረቱ አዲስ እንዳልሆነ ደግሞ ልንገራችሁ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 (እ.ኤ.አ.) ሥልጣን ሲይዙ በአፋቸው የቀራቸው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር። ከንፈራቸውን ወደ ውጭ እየገፋ መልካቸውን እንደሚያበላሽባቸውም ለሐኪማቸው ጽፈዋል። የዛሬው ቀላልና ለፊት የሚስማማ ነው፤ እፍረቱ ግን ያው ነው።

የእኚያ እናት ነገር እንዴት ሆነ? ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቁርጥ አድርገው ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ጠዋት ጠዋት የቧንቧውን ድምፅ እሰማ ነበር። ደስ ካላለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም እየተዋደዱ ሲደባበቁ ኖረዋል! አንዳንዱ ዝምታ ከፍቅር ይመጣል፤ ግን የሚወዱትን ሰው ብቻውን ያስቀረዋል።

አጸዳዱ

1. ከምግብ በኋላ ሁሉ አውልቁና በውሃ አለቅልቁት። ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውስጡንም ውጭውንም እሹት፤ ከዚያም በደንብ ይለቅለቅ።

2. ከመጀመራችሁ በፊት ከሥር ፎጣ አንጥፉ ወይም ሳፋ ውስጥ ውሃ ጨምሩ። ሳሙና ያለበት ጥርስ ከእጅ ያመልጣል፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ይሰበራል።

3. የተለመደው የጥርስ ሳሙና ለተፈጥሮ ጥርስ እንጂ ለአክሪሊክ አይደለም። ይሞጫጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ ጀርምና የቡና ቀለም ይደበቃሉ። መፋቂያም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

4. የፈላ ውሃ ፈጽሞ አይነካው። አክሪሊኩ ይጣመምና ልኩ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

5. በረኪና ሐኪም መጠኑን ነግሯችሁ ካልሆነ አትጠቀሙ። የአሜሪካ የሰው ሠራሽ ጥርስ ባለሙያዎች ኮሌጅ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ከ10 ደቂቃ በላይ በዚህ ዓይነት ፈሳሽ እንዳይዘፈዘፍ ያስጠነቅቃል። ብረት ያለበትን ጥርስማ ያበላሸዋል።

6. ውጭ አገር ያሉ ልጆች የሚልኩት ውሃ ውስጥ የሚፈላ የማጽጃ ታብሌት ጥሩ ነው። ግን ስሙ ታብሌት ስለሆነ እንደ መድኃኒት የዋጡት ሰዎች አሉ! ይህ አደገኛ ነው። የሚጨመረው ጥርሱ ካለበት ውሃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጥርሱም ወደ አፍ ከመመለሱ በፊት በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 (እ.ኤ.አ.) በታብሌቱ ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት አለርጂ ሊያስነሣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዕቃውን ለምትልኩ ልጆች፦ በላዩ ላይ "አይዋጥም" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት።

7. ጥርሱ ብቻ ሳይሆን አፉም ይጽዳ። ድድ፣ ላንቃና ምላስ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይታሹ። ከፊል ጥርስ ያላችሁ የቀሩትን ጥርሶች ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በትጋት ቦርሹ፤ ማያያዣው የሚያርፍባቸው ጥርሶች ቆሻሻ ስለሚይዙ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ስታስገቡትም በጣታችሁ እንጂ በመንከስ አትግፉት፤ ማያያዣው ይጣመማል።

8. ሲወልቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ይቀመጥ። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። በሶፍት ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ መተው ግን ጥርሱን ከቆሻሻ ጋር ለመጣል ቀላሉ መንገድ ነው።

ሐኪም ዘንድ የምንሄደው መቼ ነው?

ጥርስ ከሌለ መንጋጋ አጥንት ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል፤ የታችኛው ደግሞ ይብሳል። ለ25 ዓመታት የተካሄደና በ1972 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የታችኛው መንጋጋ የፊት አጥንት ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥርሱ አልተለወጠም፤ የተቀመጠበት መሬት ነው የሸሸው። ስለዚህ ጥርሱ ሲላላ ማጣበቂያ እየጨመሩ መኖር መፍትሔ አይሆንም። በየጊዜው ውስጡ እንዲሞላ ወይም አዲስ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል። ዚንክ ያለበትን ማጣበቂያ ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ የተጠቀሙ ሰዎች የነርቭ ጉዳት እንደደረሰባቸውም ይታወቃል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድም ጥርስ ባይኖር እንኳ፣ አፍ ይታይ። በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ወይም እብጠት ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የአፍ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። የሚወጋውን ቦታ በቢላ ወይም በሞረድ መፋቅ፣ የተሰበረውንም በሱፐር ግሉ ማጣበቅ አይገባም። ቀዶ ሕክምና ላይ የሚቀርብ ሰውም የሚወልቅ ጥርስ እንዳለው አስቀድሞ ለሐኪሞቹ ይንገር።

ለባልና ሚስት፣ ለልጆችም

የትዳር ጓደኛችሁ ጥርስ ካስገባ በስድብም በቀልድም አታንሡበት። በተለይ በልጆችና በእንግዳ ፊት! "ጥርስህን አድርግ፣ ሰው መጣ" የሚለው ቃል ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ የሰማው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውለቅ ይተዋል። ይልቅ ክዳን ያላትን የጥርስ ዕቃ ራሳችሁ ገዝታችሁ አልጋው አጠገብ አኑሩ። ከረጅም ንግግር ይልቅ ይህች ትንሽ ሥራ "አብሬህ ነኝ" ትላለች። ያለ ጥርስ ፊቱን ስታዩም ዓይናችሁን አትሰብሩ።

ጥርስ ያስገባችሁት ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። "ሐኪሙ ማታ አውልቅ ብሎኛል፤ ትንሽ አፍሬያለሁ" ማለት ይበቃል። በሕመምም በጤናም አብሬሽ እሆናለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ይህን ለመስማት አቅም አያጣም።

ልጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጥርሱ ይወጋዎታል ወይ? ማታ ያወልቁታል ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ያየዎት መቼ ነው? ዓይናቸው የደከመና እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ማታ ማታ የማጠቡን ሥራ እናንተ ውሰዱ። በልጅነታችሁ አፋችሁን ያጠቡላችሁ እነርሱ ናቸውና፣ ተራው የእናንተ ነው።

ለዛሬ በዚህ ላብቃ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ድረስ እግዚአብሔር ቤታችሁን በሳቅ ይሙላ። ሰላም ሁኑ።